ፍሬኑን ማን ይፍታው?

ባሕር ዳር፦ የመኸር ሰብል ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣባቸው ወራት የገጠር መንገዶቻችን ከወትሮው የከበደ ጭነት ያስተናግዳሉ። ጤፉ፣ በቆሎውና ሽንኩርቱ ከወረዳ ከተማ ወደ መሀል ገበያ የሚሄደው በአብዛኛው በአይሱዙ ነው፤ ከቀበሌ እስከ ወረዳ ያለውን አጭር መንገድ ደግሞ ባጃጅ ይሸፍነዋል። በዚህ ወቅት ከገበያ ቀን ዋዜማ ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ጎራ ያለ ሰው በመናኸሪያው ዳርቻ የሚያየው ነገር ተመሳሳይ ነው። አንድ ጎማው የወለቀ ተሽከርካሪ በክሪክና በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። አሽከርካሪው ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ያለቀ የፍሬን ሸራ ያወጣል፤ ረዳቱ አዲሱን ይዞ ይጠብቃል። መካኒክ በአካባቢው የለም።

የሀገራችን አሽከርካሪ መኪናውን በራሱ እጅ መጠጋገኑ አዲስ ነገር አይደለም። ጎማ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያ ማራገፍ፣ የሞተር ዘይት መለወጥ ከሹፌርነት ሙያ ጋር አብሮ የኖረ ልምድ ነው። ፍሬን ግን ከእነዚህ ይለያል። የአየር ማጣሪያው በትክክል ካልተገጠመ የሚጎዳው ሞተሩ ነው። ፍሬኑ በትክክል ካልተገጠመ የሚጎዳው ከመኪናው ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ ለገበያ በግ እየነዳ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ሰው ጭምር ነው። ስለዚህም ባለንብረቱ ወይም አሽከርካሪው ፍሬኑን በራሱ እጅ ለመጠገን ሲወስን የሚወስነው ለራሱ ብቻ አይደለም።

ጥያቄውን ዛሬ ያከበደው ኑሮው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና ጎሚኒ የሚባሉት ላስቲኮች በአመዛኙ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይወጣል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆኗል። የእነዚህ ውሳኔዎች ተገቢነት ሌላ ክርክር ነው። ውጤታቸው በገጠር ሲታይ ግን በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደምንም ጠጋግኖ ማቆየትን መምረጡ ነው። ያረጀ መኪና የሚጠይቀው ጥገና በበዛበት ጊዜ የጥገናው ዋጋም አብሮ ናረ።

ከዋጋው ይልቅ ትኩረት የተነፈገው ሌላ ጉዳይ አለ። በገጠር ከተሞች ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ብዙውን ጊዜ የባጃጁ ባለቤት አይደለም። በየዕለቱ ለባለንብረቱ የተስማሙበትን ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ችሎ የተረፈውን ለራሱ ይይዛል። በልማድ እንደሚታወቀው ትልቁ ጥገና የባለንብረቱ፣ ጥቃቅኑ ደግሞ የአሽከርካሪው ድርሻ ነው። የሞተር ማደስ የማን እንደሆነ ማንም አይከራከርም። ፍሬን ግን በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ባለንብረቱ "ሸራ መቀየር ያንተ ነው" ይላል፤ አሽከርካሪው ደግሞ የቀኑን ገቢ ትቶ ጋራዥ ቢውል የዚያ ዕለት ዕዳው ራሱ ላይ ይቀራል። እንዲህ ባለው ስምምነት ውስጥ ፍሬኑን ማታ ማታ በራስ እጅ መፍታት የሙያ ምርጫ አይሆንም። ገቢ ያላቋረጠ ብቸኛው መንገድ ስለሆነ ነው የሚመረጠው። ስለዚህ አሽከርካሪውን "ወደ ባለሙያ ሂድ" ብሎ መምከር ቀላል ቢሆንም፣ ምክሩ የሚሰማው የዕለቱን ገቢ የሚቀበለው ሰው ጭምር ሲሰማው ነው።

"ባለሙያ" የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በብዙ የወረዳ ከተሞች ጋራዥ የሚባለው አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ሣጥን መፍቻና ከታላቁ እያየ የተማረ ወጣት ነው። ከእነዚህ መካከል እጅግ የተዋጣላቸው እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በድፍረት ብቻ የሚሠሩም አሉ። ባለመኪናው የሚያወዳድረው የሰለጠነ መካኒክን ካልሰለጠነ ራሱ ጋር ላይሆን ይችላል። ሁለት ያልተፈተኑ እጆችን ሊሆን ይችላል የሚያወዳድረው። እንዲህ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ፍሬኑን የፈታው ማን ነው ከሚለው ይልቅ፣ ከተገጠመ በኋላ ሥራውን ያየው ሌላ ዓይን አለ ወይ የሚለው ይሆናል።

የፍሬን አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው ሲሊንደር የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ ወደ ጎማዎቹ ሄዶ ሸራውን ከሚሽከረከረው ታምቡር ወይም ዲስክ ጋር ያፋትገዋል። መኪናው የሚቆመው ጉልበቱ በዚያ ፍትጊያ ወደ ሙቀት ተለውጦ ሲያልቅ ነው። ፍሬን ማለት እንግዲህ ሙቀት ተቀባይ ዕቃ ነው። ሜዳ ላይ ይህ ብዙም አይታሰብም። የእኛ መንገድ ግን ሜዳ አይደለም።

ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ድልድዩ ዘንድ እስኪደርስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና፣ ሊማሊሞን ወደ አዲ አርቃይ የወረደም ይህን ያውቀዋል። ትንሽ ስሌት ብንሠራ ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 78 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል የተሞላ ውሃን ከቀዝቃዛነቱ አንስቶ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ፣ ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አሽከርካሪው ማርሹን ከቀነሰ ሞተሩ የሚወስደው ድርሻ ከፍ ይላል፤ "በወጡበት ማርሽ መውረድ" የሚለው የነባር ሹፌሮች ምክርም ከዚህ የመጣ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርድ ሰው ግን ያን ሁሉ ሙቀት ለጥቂት ኪሎ ግራም ብረትና ለስስ ሸራ ያሸክማል። ሞተሩን ጭራሽ ካጠፋው ደግሞ ፔዳሉን የሚያቀልለው የአየር እገዛ ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቅና ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንበታል።

ያለቀ ወይም ጥራት የሌለው ሸራ በሜዳ ከተማ ውስጥ ለወራት ሳይታወቅ ሊሠራ ይችላል። ጉድለቱን የሚያወጣው ቁልቁለቱ ነው። በራሱ እጅ ሸራ የቀየረ ሰው "ከቀየርኩት ወር አልፎኛል፤ ምንም አልሆነም" ቢል ማስረጃው በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የፍሬን ዘይት ጉዳይ ከሸራውም ይልቅ የተዘነጋ ነው። በብዛት የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከቀላቀለ ግን የሚጠበቅበት ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 በተመሳሳይ ሁኔታ ከ230 ወደ 155 ዝቅ ይላል። ዘይቱ በቧንቧው ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲገፋ ይገፋል፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ይነካል። ከአደጋ በኋላ "ፍሬን አልታዘዝ አለ" ተብሎ ከሚነገረው ውስጥ የተወሰነው እንዲህ ያለ ነው፤ ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚሠራ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ተከፍቶ ወራት በመደርደሪያ ላይ የሰነበተ ጣሳ፣ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ዘይት፣ ከዚህም ብሶ ዘይቱ ሲጎድል የሚጨመር ውሃ፣ ሁሉም ወደዚያው ያመራሉ። የሞተር ዘይት በስህተት የጨመረም ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን ማፍሰስ ብቻ አያድነውም።

በግብርና ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስማር የእርሻ መሣሪያዎች ትምህርት ነበረን። ከዚያ ትምህርት ያልረሳሁት የትራክተርን ፍሬን ነው። ትራክተር ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማ የተለያዩ የፍሬን ፔዳሎች አሉት፤ ማሳ ውስጥ በጠባቡ ለመዞር አንዱን ብቻ መርገጥ ይጠቅማል። ወደ መንገድ ሲወጣ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በመቆለፊያ መያያዝ አለባቸው። ሳይያያዙ በፍጥነት ላይ አንዱ ቢረገጥ ትራክተሩ ወደዚያው ጎን ተወርውሮ ይገለበጣል። አንዱ ወገን ካላላውና ካልተስተካከለው ፍሬን የሚመጣው አደጋ በመኪና ላይም ያው ነው። የአንዱን ጎማ ሸራ ቀይሮ ሌላውን ለነገ ማሳደር ብዙ ጊዜ የሚታይ ቁጠባ ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ መሪን ወደ አንድ ጎን የሚነጥቅ ቁጠባ።

በዚያው ትምህርት ተማምኜ የሠራሁትን ጥፋትም ልናገር። አጎቴ ማዳበሪያና ጥጃ የሚጭኑበት አሮጌ የቶዮታ ፒካፕ አላቸው። የኋላውን ሸራ ልንቀይር ተስማምተን ሁለቱን ታምቡሮች በአንድ ጊዜ ፈታናቸው። ስፕሪንጎቹንና ማስተካከያዎቹን በአንድ ሳህን ሰበሰብን። ሸራው ገባ፣ ጎማው ተገጠመ፣ ፍሬኑም ያዘ። አጎቴ ምሳ ጋበዙኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፔዳሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠለቀ መሄዱን ነገሩኝ። በወረዳው ከተማ የሚገኙ አንድ አዛውንት መካኒክ ታምቡሩን ከፍተው ሳቁ፤ የግራውን ማስተካከያ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጥመነዋል። የሁለቱ ጥርስ ተቃራኒ በመሆኑ፣ ሸራው ባለቀ ቁጥር ማጥበቅ የነበረበት ዕቃ ሲያላላ ሰንብቷል። አንዱን ወገን ብቻ ፈትተን ሌላውን ሳይነካ ለማመሳከሪያ ብንተወው ኖሮ ስህተቱ ባልተፈጠረ ነበር። ዲፕሎማዬ ይህን አላስተማረኝም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስህተቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው፤ በዚያ ቀን ማንም ቢፈትነው ያልፍ ነበር።

እንግዲህ የት ላይ ይቆማል? በእኔ ግምገማ ፍሬኑን መመርመር የማንም ፈቃድ የማይጠይቅ፣ እንዲያውም ለሌላ ሰው መተው የሌለበት የአሽከርካሪው ሥራ ነው። የዘይቱን መጠን በማጠራቀሚያው ላይ ማየት፣ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የዘይት ርጥበት መፈለግ፣ ሸራው ሲፋቅ የሚያሰማውን የብረት ጩኸት መለየት፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ፔዳሉን ረግጦ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ምንም ወጪ የለባቸውም። ተረግጦ የተያዘ ፔዳል ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ የሆነ ቦታ መፍሰስ አለ ወይም ዋናው ሲሊንደር ደክሟል። እየደጋገሙ ሲረግጡት ከፍ የሚል፣ እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ ፔዳል በቧንቧው ውስጥ አየር መኖሩን ይጠቁማል። የዘይቱ መጠን መቀነስም ቋንቋ አለው፤ ሸራው ባለቀ መጠን በዝግታ ይወርዳል፤ በድንገት ከወረደ ግን ፈሷል ማለት ነው፤ ሞልቶ መሄድ መልስ አይሆንም።

በሌላኛው ጫፍ በመንገድ ዳር በጭራሽ መነካት የሌለባቸው አሉ። ሲኖትራክን በመሰሉ ከባድ መኪናዎችና በትልልቅ አውቶቡሶች ላይ ያለው በአየር የሚሠራ ፍሬን ከእነዚህ የመጀመሪያው ነው። የማቆሚያ ፍሬኑ የሚሠራው ታምቆ በተያዘ እጅግ ኃይለኛ ስፕሪንግ ሲሆን፣ ስፕሪንጉ አስቀድሞ በመያዣው ሳይታሰር ዕቃውን የፈታ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ዋናውን ሲሊንደር መፍታት፣ የፈነዳ ቧንቧን በላስቲክና በሽቦ ማሰር፣ ጎሚኒ መቀየር ካልሠለጠነ እጅ የሚርቁ ናቸው።

መካከለኛው ሸራ መቀየር ነው፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ካልሠለጠነ መካኒክ ይልቅ ጥንቁቅ ባለቤት የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ መኖሩን አልክድም፤ ባለቤቱ አይቸኩልም፣ ነገም በዚያው መኪና የሚሄደው እሱ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው ጋር አብሮ ሠርቶ ከሆነ ነው። መሬቱ ደልዳላ፣ ያልተነሱት ጎማዎች በታኮ የታገዱ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ብረት መደገፊያ የቆመ መሆን አለበት፤ ድንጋይ ይሰነጠቃል። በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በአፍ ወይም በአየር መንፋት አይገባም፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይመረጣል። አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው የፔዳል እርግጫ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ያልረገጠ ሰው ከጋራዡ በር ሳይርቅ አጥር ሲጥስ ታይቷል። ቡሎኖቹንም ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የባጃጅ ጉዳይ በተለይ ይነሳ። ባጃጅ በዘይት የሚሠራ የታምቡር ፍሬን ያለው፣ ለአሽከርካሪውና ለ3 ተሳፋሪዎች የተሠራ ተሽከርካሪ ነው። በገበያ ቀን የሚጭነውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከልክ በላይ የተጫነ ባጃጅ ፍሬኑ የቱንም ያህል በጥሩ ባለሙያ ቢጠገን ለተሠራበት ክብደት አይደለም የሚሠራው። በዚህ ላይ ስለ ጥገና ብቻ መነጋገር ችግሩን ግማሽ ያደርገዋል።

ሕጉ ምን ይላል? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ምርመራውን ያለፈ ቦሎ ይለጥፋል። ፍሬንም ከሚመረመሩት አንዱ ነው። ምርመራው አስፈላጊ ቢሆንም የሚናገረው ስለዚያች ዕለት ብቻ ነው። በጠጠርና በጭቃ መንገድ በየቀኑ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና በሁለት ቦሎዎች መካከል ሸራውን ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጨርስ ይችላል፤ በመካከሉ ያለውን ማንም አያየውም።

የገጠር ጉዳይ ዘጋቢ በመሆኔ አንድ ንጽጽር ከአእምሮዬ አይጠፋም። አርሶ አደሩ ለሰብሉና ለከብቱ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተመድቦለታል። ፍየሉን የጥገኛ ትል መድኃኒት በራሱ እጅ ያጠጣል፤ ለከበደው ሕመም ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው ይሄዳል፤ የቱ የራሱ፣ የቱ የባለሙያው እንደሆነ በልምድና በትምህርት ተለይቷል። ሰብሉን ለሚያጓጉዘው መኪና ግን እንዲህ ያለ ድንበር ያሰመረለት የለም። ድንበሩን ለማስመር አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የባጃጅ አሽከርካሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ተራ ይጠብቃሉ፤ የአውቶሞቲቭ ክፍል ያላቸው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በየአካባቢው አሉ። ኮሌጁ ለማኅበሩ አባላት ስለ ፍሬን ብቻ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ቢሰጥ፣ ማኅበሩ በተራ መጠበቂያው አጠገብ አንድ የመመርመሪያ ጉድጓድና አንድ ተከፋይ መካኒክ ቢኖረው፣ በራሱ እጅ ሸራ የቀየረ አሽከርካሪ ወደ ተራ ከመግባቱ በፊት ሥራውን የሚያሳየው ሁለተኛ ዓይን ያገኛል። ባለንብረቱና አሽከርካሪው በሚፈራረሙት ውል ላይም የፍሬን ወጪ የማን እንደሆነና ለጥገና የቆመበት ቀን ገቢ እንደማይጠየቅበት በግልጽ ቢሰፍር፣ ማታ በባትሪ ብርሃን የሚካሄደው ጥገና ይቀንሳል የሚል እምነት አለኝ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ማኅበራቱ ከአባሎቻቸው ከሚሰበስቡት መዋጮ ምን ያህሉ ለዚህ ሊውል እንደሚችል አባላቱ በራሳቸው ጉባኤ ሊያነሱት የሚገባ ነው።

አጎቴ አሁንም የፊቱን ሸራ በራሳቸው እጅ ነው የሚቀይሩት። የኋላውን አይነኩትም፤ ዘይቱንም ለአዛውንቱ መካኒክ ትተዋል። ሸራ በቀየሩ ቁጥር ግን መኪናዋን ይዘው ወደ ዳሱ ይሄዳሉ፤ መካኒኩ ጎማውን አስፈትተው አይተው፣ ፔዳሉን ራሳቸው ረግጠው ይመልሱላቸዋል። ለዚህ የሚጠይቁት የቡና ዋጋ ነው። ወደ አባይ በረሃ የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ ከመነሳታቸው በፊት ጭነቱ ስንት ኩንታል እንደሆነ ይጠይቋቸዋል።